በፋሲካ ሳምንት የጾመች ልጅ

በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው አውቶቡስ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። መቀነቷን ሦስት ጊዜ አዙራ ታጥቃው እንኳ ጫፉ ጉልበቷ ላይ ይንጠለጠላል። ቆላው እየሞቀ ሲሄድ እሷ ነጠላዋን ደራርባ ትንቀጠቀጣለች።

ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት።

«ጾም ነኝ፣ እማማ» አለች።

ከኋላችን የተቀመጠችው ሴት «ተባረኪ! እንዲህ ያለች ጿሚ ዛሬ ከየት ትገኛለች?» አለቻት።

ሚኤሶ ስንደርስ ወተት ሻጯ ፋጤ በመስኮቱ ወተት ብትዘረጋላት ያንኑ መልስ ሰጠቻት። ፋጤ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ጾማችሁ እሁድ እንደተፈታ እኔ እስላሟ እንኳ አውቃለሁ!»

ደሜ ፈላ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም እንደሌለ ሕፃን ያውቃል። ያቺ ሴት ግን ልጅቷ በረሃብ ስታልቅ እያየች ትመርቃታለች! እኔስ መንገዱን ሙሉ ዝም ብዬ አልመጣሁም?

«ማን ነው እንዳትበዪ ያደረገሽ?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «እሁድ ሰርጌ ነው። አማቴ የሙሽራ ቀሚሱን ድሬዳዋ በገዛ ሴት ልጃቸው ልክ አሰፍተው አመጡ። አልገባኝ ሲል ‹ይህን ገላ ጥቂት ብትቀንሺው ምናለ› አሉኝ።»

«ቀሚሱን ተርትረው በልክሽ ይስፉታ!» ብዬ ጮህኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። «ሰው ለጨርቅ ብሎ ይሞታል?»

ፋጤ ወተቱን በግድ አስጨበጠቻት። ልጅቷ አንዴ ተጎነጨችና ጣሳውን መለሰች።

«በቃኝ፣ እማማ። ትናንት ስለካው ያልገባው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።»