እስክድን የታሰረው ፍየል

ሐኪሜ «ተሽሎሃል» አለኝ። እህቴ «ድነሃል» አለችኝ። ሁለት ምንጮች ሲለያዩ ሦስተኛ መፈለግ የሙያ ልማዴ ነው። በዚህ ጉዳይ ሦስተኛው ምንጭ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ አላውቅም።

ለዓመታት ድባቴ ይዞኝ ኖሯል። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራም። ሁለተኛው የሠራው ነገር ቢኖር አፌን ማድረቅ ነው። ሦስተኛው፣ ሌላ ኪኒን ታክሎበት፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ ተስፋ ሊቆርጥ ሲቃረብ አነሳኝ። ጨርሶ ከመተኛቴ በፊት አለቆቼ ጎርፍም ሆነ ግጭት የማያስደነግጠኝ ጋዜጠኛ መሆኔን ያደንቁ ነበር። ሁሉም ነገር እኩል ባዶ ለሆነበት ሰው አለመደንገጥ ብዙ አይከብድም።

ታላቅ እህቴ እኔ ከምኖርባት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ቀወት ውስጥ ማሽላና ማሾ ታርሳለች። እኔ በተኛሁባቸው ወራት «ወንድሜን አላህ ካስነሳልኝ ፍየል አርጄ ዱዓ አስደርጋለሁ» ብላ ነዝር ገብታለች። ስነሳ ፍየሉን ገዝታ ጓሮዋ ካለው ቁርቁራ ሥር አሰረችው። የዱዓውን ቀን ልንቆርጥ ቁጭ ባልንበት ኪኒኔን አውጥቼ ስውጥ አየችኝ።

«አሁንም ትውጣለህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አልዳንክም።»

«የዳንኩት እኮ በሱ ነው።»

«እግሩ የዳነ ሰው በምርኩዝ ይሄዳል?»

«መነጽር ያደረገ ሰውስ አያይም ይባላል?»

«አትከራከረኝ! ያልዳነ ሰው አስቀምጬ ለመዳኑ ባርድ፣ ሥጋው ለጎረቤት ይዳረሳል፣ ውሸቱ እኔ ዘንድ ይቀራል።»

በእኛ አገር ነዝር አይዘገይም፤ የዘገየ ነዝር ቤት ውስጥ መዘዝ ያመጣል ይባላል። ጎረቤቱ ሁሉ «ዱዓው መቼ ነው?» ይላታል፤ እሷ እንቅልፍ አጣች። እውነቱን ለመናገር እኔም ኪኒኑን ማቆሙን ጠልቼው አልነበረም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለብቻው በቂ ነው፤ ኪኒኑ ደግሞ በጥላ ሥር ያልበኛል። ለሐኪሜ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ማቆም እችላለሁ?»

«ምን ገጠመህ?»

«ፍየል ታስሮብኛል።»

አስረዳሁት። «ሁለት መድኃኒት እምቢ ላለው ሰው ማቆም ያሰጋል» አለ። «ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ደግሞ ያነሳህ መድኃኒት ዳግም ላያነሳህ ይችላል። ዕድሜ ልክህን ውሰድ ለማለትም ግን የሚያስደፍር ማስረጃ የለኝም። ካቆምክ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን፤ እየደወልክልኝ።» ይህን መልስ ከአንድ ባለሥልጣን ባገኘው ኖሮ «ቁርጥ ያለ ምላሽ ከመስጠት ተቆጥበዋል» ብዬ እዘግበው ነበር። ከሱ ሲመጣ ሐቀኝነት መሆኑ ገባኝ።

እንደታዘዝኩት ቀነስኩ። በየቅነሳው ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ንዝረት ይሰማኛል፤ ባጃጅ ሲታጠፍ መንገዱ ትንሽ ዘግይቶ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። ያ አለፈ። እህቴ ፍየሉን የማሾ ገለባ ትቀልበዋለች። እኔ እየከሳሁ እሱ ወፈረ።

የኪኒኑ መጠን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጥሩ ዘገባ ጻፍኩ። ገዢ ስላጡና ሽንኩርታቸው መንገድ ዳር ስለበሰበሰባቸው ገበሬዎች ነበር። አዘጋጁ ደውሎ «እንዴት የሰከነ ጽሑፍ ነው!» አለኝ። አንዱ ገበሬ ፊቴ ቆሞ ሲያለቅስ እኔ የማስበው ባጃጅ ስለማግኘት እንደነበር አላወቀም።

ያወቀችው እህቴ ናት። ማሾ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የጠቆረ የጠቆረው እየተመረጠ ይለቀማል። ላግዛት ሄጄ አረንጓዴውንም ጥቁሩንም አደባልቄ ለቀምኩ።

«ዓይንህን ምን ነካው? ጋዜጠኛ ተብለህ ጥቁርና አረንጓዴ አትለይም?»

መልቀሜን ቀጠልኩ።

«ለዚህ ለዚህ እዚያው ወሬህን ብትለቅም ይሻልህ ነበር።»

«እሺ» አልኳት።

ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«እሺ አልኩ።»

«አንተ? ለኔ? እሺ?» ቀረብ ብላ ፊቴን መረመረች። ከልጅነታችን ጀምሮ ሳልከራከር የተቀበልኳት ነገር የለም። «ኪኒኑን የት ነው ያደረግከው?» አለች።

በማግስቱ እጄን ይዛ የመንደሩ ሼኽ ዘንድ ወሰደችኝ። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ነዝሩን ስትገቢ ምን ብለሽ ነው?» አሉ።

«‹ካስነሳልኝ› ብዬ ነው፣ ሼኽዬ።»

«ተነስቷል?»

«ተነስቶ ነበር፤ መልሼ ላስተኛው የደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ካስነሳው አስነሳው ነው። በምን አስነሳኸው ብለሽ ጌታሽን ልትመረምሪ ነው?»

ሐኪሜ መጠኑን ወደነበረበት መለሰ፤ «እንደ በፊቱ ይሠራ እንደሆነ አብረን እናያለን» ሲልም አስጠነቀቀ። ሳምንታት ምንም ሳያሳዩ አለፉ። ሼኹ ቢፈቅዱም እህቴ ቢላ አላነሳችም። «እሳቸው ተነሳ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ በዓይኔ ልየው» አለች። ጎረቤቶቿ «ይኼን ፍየል ልትድሪው ነው እንዴ?» እያሉ አሾፉባት። እኔ በየጠዋቱ እውጣለሁ፤ እሷ በየማታው ትደውልና ድምፄን ትሰማለች። ዝናቡ ዘገየ ብዬ አማርሬ፣ እሷ «መቼ ዘገየ?» ብላ፣ ስልኩን ሳንዘጋ ብዙ የተነታረክንበት ምሽት መጣ። በዚያው ሳምንት ፍየሉ ታረደ።

በዱዓው ቀን ዳስ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ ውኃ ይዛ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

«ዋጥ።»

«በሰው ፊት?»

«የገባሁትን ነዝር የሰማው ይኸው ሰው አይደለም? ዋጥ።»

ዋጥኩ። ሼኹ እጃቸውን ዘርግተው ለዝናቡ፣ ለአዝመራው፣ ለታመመው ዱዓ አደረጉ፤ «የሚውጠውንም ሺፋ፣ ፈውስ አድርግለት» ሲሉ ዳሱ ሙሉ «አሚን» አለ።

አንድ አዛውንት ጎረቤት ወደ እህቴ ዘንበል አሉ። «ምንድን ነው የሚውጠው?»

«እንዳይወድቅ የሚይዘው ነው፣ አባባ።»

«እስከ መቼ?»

ለዚህ ጥያቄ ሐኪሜም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኝም። እህቴ ግን ሳህናቸው ላይ ሥጋ እየጨመረች፣ «እስካስፈለገው ድረስ ነዋ» አለቻቸው።