ከሾው በኋላ

«ከሾው በኋላ» የሚለውን ቃል ከአባቴ አፍ የሰማሁት ዳላስ በገባሁ በሳምንቱ ነው። ሾው የሚለው የጡንቻ ውድድሩን ነው። ሚስቱ «ልጅቷን እንግሊዝኛ ክላስ መቼ ነው የምታስገባት?» ብላ ጠየቀችልኝ። እኔ ራሴ መጠየቅ አልችልም ነበር። እሱ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ፣ አስኳሉን እያወጣ ይጥል ነበር። ቀና ሳይል «ከሾው በኋላ» አላት።

የሶፋችን እግር ተሰብሮ በጡብ ተደግፏል፤ እሱም ከሾው በኋላ ይሠራል። የሚስቱ ዘመዶች ከሂውስተን ሊጠይቁን ፈልገው ነበር፤ ከሾው በኋላ ይምጡ ተባሉ።

አባቴ ከአገር የወጣው እኔ ጡት ሳልተው ነው። በፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው። አንደኛው ፎቶ ከመጽሔት የተቀደደ ነው፤ በትንሽ ፓንት መድረክ ላይ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ይስቃል። እናቴ ያንን ለእንግዳ አታሳይም ነበር፤ ራቁቱን ነው ብላ ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ትከተዋለች። እሷ ስትታመም እኔ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋረጥኩ። ስትሞት አባቴ ደውሎ «ወደኔ ነይ፣ አስተምርሻለሁ» አለኝ። ወረቀቱ አልቆ ስመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራው ስላላወቅኩ፣ ሳልጠራው ነበር የማናግረው።

ድሮ ፕሮ ነበር። ፕሮ ማለት ከአማተሮቹ ተለይቶ ከታወቁት ጋር መድረክ ላይ የሚቆም ማለት ነው። ከባድ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲል ከቀኝ ጉልበቱ በላይ ጅማቱ ተበጠሰ፤ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ከመድረክም ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከዳላስ ጎን አዲሰን ውስጥ በአንድ ጂም ሌሎችን ሲያሠለጥን ኖረ። እኔ በመጣሁበት ዓመት ሰው ሁሉ ከሥራ ይቀነስ ነበርና የሚያሠለጥናቸው የቢሮ ሰዎች እየቀሩ ሄዱ። እሱ ግን ለራሴ ጊዜ አገኘሁ አለ። ለፕሮዎች ብቻ የሆነ ውድድር እዚሁ ዳላስ ሊደረግ ነው፤ እዚያ ላይ ደረጃ ውስጥ ከገባ ወደ ትልልቆቹ ይጠሩታል። «ጡንቻ ትዝታ አለው» ይላል። «አንዴ የነበረ ጡንቻ ቶሎ ይመለሳል። ማለቴ፣ እኔ ከዜሮ አይደለም የምጀምረው።» ዕድሜው ሃምሳ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

እኔ እዚያው ጂም ፎጣ ማጠብና ማጠፍ ጀመርኩ። አንድ እዚህ ያደገ የሀበሻ ልጅ አሠልጣኝ ነበር፤ አማርኛው እየተሰባበረ ያወራኛል።

«አባትሽ አፐር ቦዲ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ደረቱንና ክንዱን እያሳየ። «ግን ሌግስ አያሳይም። ሁልጊዜ ረጅም ሱሪ። ለምን?»

«አላውቅም።»

«ጀጆቹ ሌግስ ያያሉ፣ ዩ ኖው።»

ዳኞቹ እግር ያያሉ ማለቱ ነው። ፎጣዬን ማጠፍ ቀጠልኩ። እውነትም አባቴን ከረጅም ሱሪ ሌላ ለብሶ አይቼው አላውቅም ነበር። ሙቀቱ ሰው በሚያቃጥልበት ወቅትም ያንኑ ነው የሚለብሰው።

ሁዳዴ ገባ፤ ሾው የሚውለው ጾሙ መሃል ላይ ነው። እኔ እጾማለሁ፣ ለእሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የዶሮ ደረት እቀቅላለሁ። ጾመኛ ስለሆንኩ አልቀምሰውም፤ ጨውም ስለሌለው የሚቀመስ ነገር የለውም። ሚስቱ ኧርቪንግ ከተማ ባለ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ ስትገባ ድስቱን ትከፍትና «ይሄ ሁሉ ዶሮ አንድ ሰው ሆድ ገብቶ ሰውየው እንዴት ነው የሚከሳው?» ትላለች። እሱ አይስቅም። በዚያ ወራት ሳቅ አቁሞ ነበር።

የምንኖረው ቪከሪ ሜዶ የሚባል ስደተኛ የበዛበት ሰፈር ነው። በእኛ ኮሪደር ካሉት በሮች ግማሾቹ የአገር ሰው ናቸው። ከቤታችን የዶሮ ሽታ ይወጣል፤ በሁዳዴ ዶሮ የሚበላ ደግሞ ንስሐ አባቱ የፈቀዱለት በሽተኛ ነው። በዚያ ላይ አባቴ ከሳ። ውድድር ሲደርስ የሚከሳው ስቡ ጠፍቶ ቆዳው ጡንቻው ላይ እንዲጣበቅ ነው፤ ግን በልብሱ ውስጥ ያለውን ማን ያያል? ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ደረጃ ሲወጣ መደገፊያውን ይይዛል።

ፊት ለፊታችን የልጃቸውን ልጆች ሊጠብቁ የመጡ አሮጊት አሉ፤ እማማ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አገኘው?»

«ደህና ነው፣ እማማ።»

«ደህና ሰው እንዲህ ይሆናል?»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርት ያፈረጥማል እንጂ ጉንጭ ያጠፋል እንዴ?» አሉና እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

እኛ ዘንድ በሽታ ይደበቃል። ደህና ነው ባልኩ ቁጥር የምደብቅ መሰላቸው።

የሾው ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቀለም ቀባሁት። የመድረኩ መብራት ኃይለኛ ስለሆነ ጥቁር ሰውም ቢሆን ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ አለበለዚያ የጡንቻው መስመር አይለይም ይላሉ። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት፤ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ያላሳደገኝን አባቴን ጀርባ በስፖንጅ ስቀባ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ነበር። ከወገቡ በታች ያለውን ራሱ ቀባ።

በማግሥቱ ጠዋት የተኛበትን አንሶላ ወደ ላውንደሪ ስወስድ እማማ አዩኝ። አንሶላው በቡናማ ተዥጎርጉሯል። ሳይጠይቁኝ «ቀለም ነው» አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ሁለት ሴቶች አስከትለው ቆመዋል፤ አንዷ በጋሎን ጠበል ይዛለች። ሳላስገባቸው ገቡ። አባቴ ወገቡ ላይ ፎጣ አስሮ፣ ምንጣፉ እንዳይበላሽ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ሳሎን መሃል ቆሞ ነበር።

«ወይኔ ልጄን! ጠቆረ እኮ!» አሉ እማማ።

«ጉበቱ ነው» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «ወንድሜንም እንዲሁ ነው ያደረገው።»

«ኖ፣ ኖ፣ እማማ፣ ቀለም ነው። ዛሬ ሾው አለኝ፣ መድረክ ላይ ልወጣ ነው» አለ አባቴ።

ሴቶቹ ተያዩ። «ይቃዣል» አለች ጋሎን የያዘችው።

በዚያ ቀን ውሃ ለአባቴ መርዝ ነበር። ከቆዳው ሥር ውሃ እንዳይቀር ተብሎ መጨረሻ ላይ መጠጣት ይቆማል። ከትናንት ጀምሮ ከንፈሩን ብቻ ሲያረጥብ ነው የቆየው፤ ሲያወራ ምላሱ ይጣበቃል። እማማ ብርጭቆ አስመጡኝና ሞሉት።

«በስመ አብ በልና ጠጣ።»

«እማማ፣ ዛሬ አልችልም። ነገ እጠጣለሁ። ነገ ጋሎኑን እጨርስልዎታለሁ።»

«ለነገ ማን ዋስ ሆኖሃል? በሞቴ!»

«እማማ፣ ይስሙኝ…»

«በሞቴ አልኩህ! እናትህ ብትኖር እምቢ ትላት ነበር?»

አባቴ ስንት ነገር እምቢ ሲል አይቻለሁ። የሚስቱን የልደት ኬክ በጣቱ እንኳ አልነካም። ይሄን ግን ጠጣ። መጀመሪያ በግድ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ። ሁለተኛውን እማማ ሞሉለት ማለት እችል ነበር፤ ብርጭቆውን የዘረጋው ግን ራሱ ነው። ሲጨርስ እማማ ከጋሎኑ በእፍኛቸው እየተቀበሉ ደረቱን፣ ሆዱን፣ እግሩን ረጩት። ቀለሙ መስመር መስመር እየሠራ ወደ ላስቲኩ ወረደ። ሴቶቹ ያንን ሲያዩ «ወጣለት! ወጣለት!» አሉ።

ሚስቱ ከሥራ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጥታ ወሰደችን። ከአዳራሹ ኋላ ፓርክ አደረገችና የተወዳዳሪ ቁጥሩን ልታመጣለት ገባች። ቀለሙ እንደገና መቀባት ነበረበት። እሱ ጎንበስ ካለ የሆዱ ቀለም ይነሳል፤ ስለዚህ ሱሪውን አውልቆ በመኪኖቹ መካከል ቆመና እኔ ተንበረከኩ። እግሩን ለመቀባት ማየት ነበረብኝ። በቀን ብርሃን አየሁት።

ቀኝ ጭኑ ከግራው ያንሳል፤ በጥቂቱ አይደለም። የሁለት ሰዎች እግር ይመስላሉ። ከጉልበቱ በላይ፣ ጠባሳው ያለበት ቦታ፣ ሥጋ የሌለው ጉድጓድ ነው። ቀለም ጨመርኩበት፤ ቀለሙ ጉድጓዱን ይበልጥ አጎላው። ቀና ስል እሱ ወደ ሃይዌዩ ነበር የሚያየው።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ» አልኩት።

አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛውን ባላውቅም ቁጥር አውቃለሁ። ሁሉም መድረክ ላይ ተደርድረው ሲቆሙ ዳኞቹ የሚሻሉትን በቁጥር እየጠሩ ወደ መሃል ያስመጧቸዋል። የአባቴን ቁጥር በጆሮዬ ስጠብቅ ቆየሁ። እሱ ዳር ላይ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሸሽጎ፣ እንደ ፎቶው እየሳቀ ቆሟል። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌሎቹ ተጠሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተጠሩ። የእሱ ቁጥር የተጠራው መጨረሻ ላይ፣ ከቀሩት ጋር ነው። ሌሎቹ እግራቸውን ሲገጥሙ እሱም ገጠመ። አጠገቤ ያለ ሰውዬ አብራው ለተቀመጠችው ሴት ወደ መድረኩ እያመለከተ አንድ ነገር አላት፤ እሷም አንገቷን ነቀነቀች።

አሸናፊዎቹ ለሚለዩበት ለማታው ዝግጅት ሳይጠራ ቀረና ወደ ቤት ተመለስን።

«ውሃው ነው» አለ አባቴ መኪና ውስጥ። «ውሃ ይዣለሁ። ትናንት ደርቄ ነበር፣ አይታችሁኛል። በዚያ ጠበል ነው ያበላሹኝ።»

ሚስቱ መንገዱን እያየች ትነዳለች። ሊበቃው እንደሚገባ ልትነግረው ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ኦኬ» አለች። «ውሃው ነው።»

«ሶ፣ ለሚቀጥለው ሾው በር አንከፍትም። ለማንም።»

ደርቆ ቆሞ ቢሸነፍ ኖሮ ወደ እግሩ ከማየት ሌላ ምርጫ አይኖረውም ነበር። ጠበሉ ከዚያ አዳነው። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ክላሴ እንደገና ሲርቅ ታወቀኝ። ስለ እግሩ ምንም አላልኩም፤ እሱ የማያውቀው ነገር አልነበረም።

ከሾው በኋላ ያገኘውን ሁሉ በላ። ፋሲካ ሲደርስ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። እማማ ሊጠይቁት መጥተው በሩ ላይ ሲያዩት እልል አሉ።

«አላልኳችሁም! ጠበሉ ነው!»

«አዎ፣ ጠበሉ ነው» አለ አባቴ፣ ወደ ሚስቱ እያየ። እማማ አመሰገኑ። ዶሮ ወጡን በሞቴ እያሉ አጎረሱት፣ እሱም ጎረሰ።

በማግሥቱ ጠዋት የጂም ቦርሳውን ዚፕ ሲዘጋ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስለማመድ ነው ያደርኩት።

«አባዬ» አልኩት፤ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። «ሾው እኮ አለፈ።»

«ይሄኛው አይቆጠርም» አለኝ። ረጅም ሱሪውን እንደለበሰ ቁልፉን አነሳ። «ዶሮውን ከፍሪዘር አውጪልኝ፣ ከዛሬ እንጀምራለን።»