ነዳጅ የማትጠጣዋ መኪና

ስማኝማ፣ ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ! ሳሮንን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ነበር አይደል? አባቷ ደግሞ "ሌላም ሰው ጠይቆኛል፣ ቀድሞ ሽማግሌ ላስገባ እሰጣለሁ" ብሏል። ሽማግሌዎቼን ወናጎ እነሳሮን ቤት የሚያደርስልኝ ሳጣ አጎቴን ጋሽ ተካን ለመንኩት። ያቺ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ አለችው። እኔም እስከ በሩ ልሸኛቸው ገባሁ።

ገና ከዲላ ሳንወጣ ጋሽ ተካ መኪናዋን በባትሪ ብቻ የሚያስኬዳትን ቁልፍ ተጫነ። ከዛማ ምን ልበልህ፣ ቀብር የምንሸኝ መሰልን! ፈጠን ካለ ሞተሩ ይነሳል፣ ስለዚህ አይፈጥንም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲነሳበት ደግሞ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። እንሰት የተሸከሙ እናቶች ቀደሙን እኮ!

"ጋሼ፣ በፈጠረህ ፈጠን በል!"

"ዝም በል! የነዳጅ ሰልፍ የምትሰለፍልኝ አንተ ነህ?"

ሽማግሌዎች የጫነች ባጃጅ ደርሳብን አጠገባችን ቆመች። አንዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ወንድሜ፣ ተበላሽታ ነው? እንግፋላችሁ?" አለ።

ጋሽ ተካ ከት ብሎ ሳቀ። "ሂዱ እናንተ፣ ነዳጃችሁን አቃጥሉ!"

ስንደርስ ያቺው ባጃጅ ሳሮን ቤት በር ላይ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ እየተመራረቁ ይወጣሉ። አባቷ ከኋላቸው ብቅ ብሎ "አረፈዳችሁ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ" አለን።

 ጋሽ ተካ ከመኪናው ሆኖ ጠራኝ፦

"ና እስኪ፣ እየው! የነዳጇ ቀስት ንቅንቅ አላለችም!"