ከግድግዳው ማዶ የተማርኩት ሪል

ቀድሞ የሚመጣልኝ ዜማው ሳይሆን የሽማግሌው ጎረቤታችን የእግር ምት ነው። ጫማቸው የእንጨቱን ወለል ረጋ ብሎ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ይመታል፤ ከዚያ የቫዮሊኑ ቀስት ይከተላል። ዛሬም ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብዬ ዜና ስጽፍ ከላይኛው ፎቅ ሰው ሲራመድ ከሰማሁ ጣቶቼ ሥራቸውን ትተው ቀስቱን ይጠብቃሉ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤድፎርድ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሁለት በተከፈለ ቤት በግራው በኩል እንኖር ነበር። አባቴ ዲኤፍደብሊው በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ተጓዦችን ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልስ ሻትል አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። በቀኝ በኩል ከአውሮፕላን ጥገና ሥራ ጡረታ የወጡ የአየርላንድ ሰው፣ ሚስተር ዶላን፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናቴ «ሽማግሌ በስሙ አይጠራም» ስላለችን እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ «አባባ» እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሲጠሩ «አቤት» ማለት ለምደው ነበር።

ትምህርት ተከፍቶ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ከትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ በተዋስኩት ቫዮሊን መኝታ ቤቴ ውስጥ ስለማመድ ከግድግዳው ማዶ ያ እግር ጀመረ። አዳመጥኩና የሰማሁትን ቁራጭ እየተደናበርኩ መልሼ ተጫወትኩት። ትንሽ ቆይቶ ያው ቁራጭ ቀስ ብሎ፣ እኔ እንድይዘው ተብሎ፣ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳ ነበር፤ እሳቸውም ይጀምሩ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጠን ከመማራችን በፊት በግድግዳው ብዙ ተማርኩ።

ናቲ የካውቦይ ሙዚቃ መስሎት «ሶ ካውቦይ ልትሆኚ ነው? ኦኬ፣ ፈረሱን የት ፓርክ ልናደርገው ነው?» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። የምማረው ግን ሪል የሚባል ፈጣን የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ነው። ሪል ሁለት አጫጭር ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ይደገማል፣ ሲያልቅም ከመጀመሪያው ይዞራል። ሌላ ምንም የለውም፤ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነበር። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ሚስተር ዶላን አንዱን ዙር እንደ ቀደመው አይጫወቱትም ነበር፤ አንዱን ድምፅ አንቀጥቅጠው፣ ሌላውን ከታች ስበው አምጥተው፣ የቀረውን በቀስቱ ጫፍ ነካ አድርገው ያልፉት ነበር። እኔ ዜማው የት ጋ እንደተለወጠ ለመያዝ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ሌላ ቦታ ተለውጦ አገኘው ነበር። «ትናንት እንዲህ አልነበረም» ስላቸው «ትናንት ዝናብ ነበር» ይሉኝ ነበር።

በብርዱ ወራት መንገዱ በረዶ ጋግሮ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀን ሚስተር ዶላን ከእናታቸው የተማሩትን ሪል አሰሙኝ። ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀውም ሰው አልቀረም። የግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ የቀለበት ጣታቸው እየደረቀ፣ አልታጠፍ እያለ ነበር። «ይኼ ጣት ሲቆም እናቴም ትቆማለች» አሉኝ። በማርች በአየርላንዶች በዓል ላይ ሪሉን እኔ እንድጫወተው ፈለጉ፤ ዜማውንም ራሳቸው ተጫውተው በካሴት ቀድተው ሰጡኝ።

ማርች ግን ዐቢይ ጾም ነው። አባቴ ሲሰማ «ቤዛ፣ በዚህ ጾም ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮው ዝም ይላል። አንቺ ልታስጨፍሪ ነው?» አለኝ። የኦርኬስትራው ልምምድስ ብዬ ብከራከረው «እሱ ትምህርት ነው፤ ይሄ ጭፈራ ነው» ብሎ ዘጋው። ቀርቶብኛል ብዬ በልጅ አፍ እንድናገር ግን አልፈለገም፤ ነውር ነው ብሎ ራሱ ሊነግራቸው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት።

ሚስተር ዶላን አልተቀየሙም። «እናቴ ቤትም በጾም ቫዮሊኑ ይሰቀል ነበር» አሉ። «ለእኛ ለልጆቹ ግን ዜማውን በአፏ ታስጠናን ነበር።» ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቃል በሌለው ድምፅ፣ «ዲደል ዳደል ዲ» እያሉ ሪሉን አዜሙት። አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ዜማ ቤት ነበር፤ ያለ መጽሐፍ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነበር ያጠናው። መዳፉ ጉልበቱ ላይ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር አየሁ።

«ይሄ እኮ የቃል ትምህርት ነው!» አለ።

እዚያው ተስማሙ። እስከ ፋሲካ ሪሉን በአፌ አጠናለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ በቫዮሊን እጫወተዋለሁ።

«የእናንተ ፋሲካ ዘንድሮ ከእኛ ይዘገያል፣ አይደል?» አሉ ሚስተር ዶላን ጣታቸውን እያሹ።

«ይዘገያል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አባቴ።

«እጠብቃለሁ።»

ያን ጾም ሙሉ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቴፑን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይፈትነኝ ነበር። «የመምህርሽን እንዳለ ተቀበዪ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» ይል ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ዜማው ለቅጽበት የሚቋረጥባት ቦታ ነበረች። እኔ እዚያ የጎደለች ድምፅ ያለች ስለሚመስለኝ እሞላት ነበር፤ አባቴ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ «አይ! እሳቸው እዚህ ዝም ብለዋል፤ አንቺም ዝም በይ» እያለ ደጋግሞ አስተወኝ።

ፋሲካ አለፈና በአንድ ቅዳሜ የሚስተር ዶላን ጥቂት አዛውንት ጓደኞች ቫዮሊናቸውን ይዘው ሳሎናቸው ተሰበሰቡ። አባቴ የሻትሉን ዩኒፎርም እንደለበሰ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚስተር ዶላን በእግራቸው ጀመሩልኝ፣ ተከተልኩ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ባዶ ጥያት አለፍኩ፤ ስደግመውም እንደዚያው። እግራቸው ቆመ።

«እዚያ ጋ ምን ሆንሽ?»

«አባባ፣ እንደ ካሴቱ ነው።»

ግራ እጃቸውን አንሥተው አዩት። «እሱ ዜማው አይደለም» አሉ ቀስ ብለው፤ «ጣቴ ነው፤ እዚያ ጋ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። «እሷ ሞልታው ነበር፤ የመምህርሽን አትለውጪ ብዬ ያስተውኳት እኔ ነኝ» አለ። ሚስተር ዶላን አባቴን ትክ ብለው አዩትና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለካ የቆመውን ጣቴን ጭምር ነው ያስተማርኳት!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ምንም አልጎደለብሽም። አሁን እንደገና ጀምሪ፤ በዚህኛው ግን አንቺን ልስማሽ።»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር። አባቴ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ «ንባቡን ጨርሰሻል ነው የሚሉሽ» አለኝ፤ «አሁን ትርጓሜ ነው። አንድም በይ።» የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ቃል በአንድ መንገድ ፈትተው ሲጨርሱ «አንድም» ብለው በሌላ መንገድ እንደሚፈቱት ከእሱ ሰምቼ አውቅ ነበር፤ ቃሉ ሳይነካ ፍቺው ይሰፋል። ቀስቱን አነሣሁ። በመጀመሪያው ዙር ያቺን ቦታ በጎደለችው ድምፅ ሞላኋት። በሚቀጥለው፣ አባቴ እሑድ ጠዋት ሲያዜም ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ነገር ሳላስበው በጣቴ መጣ። የሚስተር ዶላን ጓደኞች ቫዮሊናቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ አባቴ አፉን በመዳፉ ያዘ። በመጨረሻው ዙር ባዶዋን ተውኳት፤ ያን ጊዜ ግን ሚስተር ዶላን ያቺን ባዶ ቦታ በእግራቸው መቷት።

ትምህርት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲመጣ ጣታቸው ጨርሶ ቆመ፣ ቫዮሊናቸውም ተሰቀለ። ከሰዓት በኋላ እኔ በግራው በኩል ስጫወት እሳቸው በቀኙ በኩል በእግራቸው ይከተሉኝ ነበር፤ ያቺ ቦታ ስትደርስም ዝም ስል ምቱ ከግድግዳው ማዶ ይመጣ ነበር።

ሥራዬ የሰውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ መጻፍ ነው፤ ከማዕድ ቤታችን ጠረጴዛ የተማርኩት ጠቅሞኛል። አሁን ፕሌኖ ከተማ የምኖርበት ቤት ሰፊ ነው፣ ከማንም ጋር ግድግዳ አይጋራም። ልጄ በሯን ዘግታ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ትሰማለች፤ እኔ ቫዮሊን ብጫወት የሚረበሽ ጎረቤት የለም፣ የሚመልስልኝም የለም። ባለፈው ሰሞን ሪሉን ስጫወት ያቺ ቦታ ደረሰች፣ እንደ ልማዴም ዝም አልኩ። ልጄ ለካ በሯን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ሳትጠራ በባዶ እግሯ ወለሉን አንድ ጊዜ መታች።