የአክስቴን ሸክላ ያዞረው የቴፕ ሞተር

«ይቺማ የኔ እህት አይደለችም» አለች እናቴ ዛሬ ከሰዓት። የሚዞረውን ሸክላ አቆምኩት።

ሟች አክስቴ በወጣትነቷ ተቀባይ ሆና የዘፈነችበት አንድ ሸክላ አለን። ማጫወቻ ሐይቅም ደሴም ፈልጌ ሳጣ ራሴ ሠራሁ። ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ነው፣ የሚያዞረው ላስቲክ ደግሞ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ።

ጎረቤታችን አይቶ «ወፍጮ ልትተክል ነው እንዴ?» ብሎኛል።

ለካ ሸክላው እየፈጠነ የአክስቴን ድምፅ የሕፃን አድርጎት ነው። ላስቲኩ የሚጠመጠምበትን የሞተሩን ራስ ሞርጄ አቀጠንኩትና እንደገና አስነሳሁት።

አምባሰሉ ረጋ ብሎ ወጣ። ተቀባዮቹ ሲገቡ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን መጣች» አለችና ከእህቷ ጋር አብራ ተቀበለች።

እፎይ አልኩ።

እናንተስ ቤት፣ ድምፁ ተቀምጦ ማጫወቻ ያጣ ማን አለ?