በቀትር የሚመሽበት ክፍል

ዜናው የደረሰኝ ጁባ፣ የልጄን የትምህርት ቤት ልብስ ስተኩስ ነው። እጃጂ ከተማ አብራኝ ታስተምር የነበረች ባልደረባዬ ደወለችና ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ «ተረት ነጋሪውን ሽማግሌ ትናንት ቀበርናቸው፤ ነፍስ ይማር በይ» አለችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ካውያውን ነቀልኩት። ቀጥዬ የጠየቅኳት ግን ስለ ሕመማቸው አልነበረም።

«የኤሊን ተረት ጨርሰውት ነበር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሞተ እያልኩሽ!» አለች። እሷ ተረቱ ሲነገር ወደ አምቦ ተዛውራ ስለነበር አታውቅም።

እጃጂ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ልጆቹ የኦሮምኛውን የቁቤ ፊደል በዜማ ይወጡታል፤ መጽሐፉ ላይ ጣት ሲደረግበት ግን አያውቁትም። በጆሯቸው የሚያውቁትን ቢያነቡ ይሻላል ብዬ፣ በተረት አዋቂነታቸው የታወቁትን ሽማግሌ ለመንኩ። መጡ፤ ተቀመጡ፤ የሰጠኋቸውን ውሃ ጠጡ፤ መርቀውን ሄዱ። ተረት የሚባል አልነገሩንም። ያስቀየምኳቸው መስሎኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ጠበቅኳቸው።

«መምህርት፣ ፀሐይ ወጥታ ዱርዱሪ ይወራል?» አሉኝ። «ከብቶቼን ልታስጠፊብኝ ነው?»

ዱርዱሪ ተረት ነው። በቀን ያወራው ሰው ከብቱ ሜዳ ይቀራል የሚባለውን እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ ማታ የለም። መስኮቱን ብንዘጋስ አልኩ። ይህም ከባዕድ አምልኮ እንዳይቆጠርብኝ ፈርቼ የንስሐ አባቴን አማከርኩ።

«መስኮት መዝጋት ኃጢአት የሆነው መቼ ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ከእረፍት በኋላ ክፍላችን ይመሻል። በቆርቆሮው መስኮት የምስማር ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ልጆቹ ኮከብ አሉት። ሽማግሌው ጥቂት አውርተው ሲያቆሙ መስኮቱ ይከፈታል፤ ልጆቹ «ነጋ!» ይላሉ። የሰሙትን ይነግሩኛል፤ እኔም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እንዳሉት እጽፋለሁ፤ እነሱ በዘንግ እየነኩ ያነባሉ። መጀመሪያ ያነበቡት በቃላቸው ነው። እየቆየ አንዲት ልጅ «ቆጫ»፣ ማለትም ኤሊ፣ የሚለው ቃል እዚህም እዚያም አንድ መሆኑን አየች። ከዚያ የፊተኛውን ፊደል ሌላ ቃል ላይ አገኘችው። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ በሩን ቢከፍት፣ ያቺው ልጅ «ዝጋው፣ ሌሊት ነው!» ብላ ጮኸችበት። ዘጋው።

የመጨረሻው ተረት የኤሊ ነበር። ኤሊ ዝናብ ለመታት ጥንቸል ቤቷን ታውሳለች። ሲያባራ ጥንቸል አልወጣም ትላለች። ኤሊም ባዶ ጀርባዋን ይዛ፣ ዋርካ ሥር ወደተሰየሙት አራዊት ለፍርድ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ደወል ተደወለ። «ነገ» አሉ። ነገ ግን ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። እኔም ሳይከፈቱ ሥራ ለቀቅኩ፤ ኋላም ወረቀቶቹን ጠቅልዬ ባሌ ወደሚሠራበት ወደ ጁባ መጣሁ።

ልጄ እዚህ የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው። ኦሮምኛውን ታወራዋለች እንጂ አንብቢ ስላት ትሸሽ ነበር። የከረጢቱን ተረቶች ግን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ዋርካው ሥር ስትደርስ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ያለው የሲሚንቶ ጽሑፍ ነው።

«አንቺው ፍረጂላትና እራት እንብላ» ይለኛል ባሌ።

ያቅተኛል ብዬ አይደለም። ልጆቹ መጨረሻውን ቀድመው ሲገምቱ ሽማግሌው፣ «ኢጆሌ፣ ያልሰማችሁትን አትጨርሱ፤ የተረት ውሸትም ባለቤት አለው» ይሏቸው ነበር። ለልጄም ያነበበችው ሁሉ እሳቸው ያሉት ነው ብያታለሁ። በእሱ ላይ የራሴን ጨምሬ የእሳቸው ነው ማለት አልሆነልኝም። እሷ ደግሞ «መጨረሻው ሲመጣ አነባለሁ» ብላ ወረቀት መንካት ትታለች። ይኸው እስከ ዛሬ አላነሳችም።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሽማግሌው ተመልሰው እንደነበር ባልደረባዬ ከሰው ሰምታለች። እንግዲህ በዚያ ክፍል የነበራችሁ ልጆች፣ አሁን አድጋችኋል። መስኮቱ ተዘግቶ ለኤሊ ምን እንደተፈረደላት የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንደሰማችሁት ጽፋችሁ ላኩልኝ። አታሳምሩት። ብትሳሳቱም እንዳለ ይምጣ፤ ልጄ ታነበዋለች። ፀሐይ ሳለ ለመጻፍም አትፍሩ። መጻፍ ከብት አያስጠፋም፤ ያኔ ሽማግሌውን ጠይቄአቸው ነበር።