እየሳቅኩ ያቀበልኩት እንጨት

የበደለኝ አባቴ ነው፤ ያኔ አሥር ዓመት አልሞላኝም። ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ ጎረቤቶቼ ለሰርግ ዳስ ሲጥሉ የተቆረጠው የክትክታ እንጨት ሸተተኝና ያ ቀን መጣብኝ።

አባቴ በየመንደሩ አጥርና በረት እየሠራ ነው ያሳደገን። እንጨት የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን በገዛ ደጃችን ዳስ ይጥል ነበር።

«አባ፣ ማን ሊዳር ነው?» አልኩት።

ልጡን እያሰረ፣ ወደ እኔም ሳያይ፣ «አንቺ ወሬኛ! ዛሬ እንኳ እየሳቅሽ አቀብይኝ» አለ።

እየሳቅኩ አቀበልኩት፤ እጄ በክትክታው ሙጫ ተጣብቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን በዚያ ዳስ ሥር ከሰቆጣ ማዶ ለሚኖር ለማላውቀው የዝቋላ ሰው ዳረኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ የለቅሶው ዳስ ሲጣል ደረስኩ። ቁጭ ብዬ አየሁ እንጂ አንድም እንጨት አላቀበልኩም።